«ከየት ነህ?» ሲባል ልጃችን ምን ይመልሳል?
የማንነት እውቀትና የአፍላ ወጣቶች የስሜት ጤና



የጤናና የአመጋገብ ዓምድ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ጨጓራ ወይም በረመዷን ምን ይበላ የሚለው ነው። ዛሬ ግን በቴርሞሜትር ስለማይለካ፣ በደም ምርመራም ስለማይገኝ ችግር እንነጋገራለን። ይህ ችግር ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ትምህርት ያስጠላል፣ ልጅን ከወላጁ ያርቃል። የሚበረታውም ልጆቻችን ከ12 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ሲሆኑ ነው። ነገሩ «እኔ ማን ነኝ? የማንስ ነኝ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያጣ የሚመጣ የስሜት መታወክ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው በሰሜን አሜሪካ በሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ሙስሊም ቤተሰቦች ልጆች ላይ ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ እነዚህ ልጆች በአንድ ጊዜ በብዙ በኩል አናሳ ሆነው የሚያድጉ ናቸው። ሁለተኛ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ የተካሄዱት በዚያው አገር ነው። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢያንም «ይህ እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት አደራ። የወንድም ወይም የእህት ልጅ ውጭ አገር ያለው ቤተሰብ ዛሬ ብዙ ነው፤ ደግሞም ወደ መጨረሻው ወደ እናንተው ልጆች እንመለሳለን።

ጉርምስና ለምን ይከብዳል?

በጉርምስና ጊዜ የሚለወጠው ድምፅና ቁመት ብቻ አይደለም። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ከውጭ ሆኖ ማየት ይጀምራል። ሰዎች ስለ እሱ ምን እንደሚያስቡ፣ ከማን ጋር እንደሚመደብ፣ ቤተሰቡ ከሌላው ቤተሰብ በምን እንደሚለይ ያስተውላል። በስምንት ዓመቱ የእናቱን ሻሽ ልብ ያላለው ልጅ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ እናቱ ትምህርት ቤት ስትመጣ ሰው ሁሉ እሷን የሚያይ ይመስለዋል።

ይህ ዕድሜ ለአእምሮ ጤናም ወሳኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከ18 ዓመት በፊት ነው።

ስለ ማንነት ጥያቄ በሰፊው በመጻፍ የሚታወቀው የሥነ ልቦና ምሁር ኤሪክ ኤሪክሰን ነው። በዚህ ርዕስ ላይ ያዘጋጀው ታዋቂ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። ኤሪክሰን ጥያቄውን ያገኘው በመጻሕፍት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ጀርመን ውስጥ የተወለደው ከአይሁዳዊት የዴንማርክ ተወላጅ ነው። ቁመቱ ረዥም፣ ፀጉሩ ነጣ ያለ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ስለነበር በአይሁድ ምኩራብ ያሉ ልጆች እንደ ባዕድ ይቆጥሩት ነበር። በሌላ በኩል በጀርመኖች ትምህርት ቤት «አይሁዳዊ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። በሁለቱም ቦታ እንግዳ ነበር ማለት ነው። ይህን ታሪክ ለብዙ ልጆቻችን ብንነግራቸው «የእኔን ነው የምታወሩት» ይሉናል።

በአራት ቦታ እንግዳ የሆነ ልጅ

ለምሳሌ ያህል በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የተወለደ የ14 ዓመት ልጅ እናስብ። በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል ወይም በቶሮንቶ ብንለውም ያው ነው።

ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ስሙን አጣምሞ ይጠራዋል፤ እሱም ሁለተኛ ላለመሳቅ ሙሐመድን «ሞ» ብሎ ያሳጥረዋል። የምሳ ዕቃውን ሲከፍት «ምንድነው የሚሸተው?» ይባላል፤ በማግሥቱ ምግቡን ሳይከፍት ይመልሰዋል ወይም ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። በቆዳው ቀለም ምክንያት ነጮቹ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ይመድቡታል፤ ጥቁር አሜሪካውያኑ ደግሞ «አንተ እኮ አፍሪካዊ ነህ» ይሉታል።

መስጊድ ሲሄድ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን እዚያም ከአረብና ከእስያ የመጡ እኩዮቹ ስለ እስልምና ሲያወሩ እሱ ትናንት የሰለመ ይመስላቸዋል። የሐበሻ ዝግጅት ላይ ሲገኝ ደግሞ «ሐበሻ ሙስሊም አለ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ቤት ሲገባ አጎቱ «አሁንስ ፈረንጅ ሆነህ ቀረህ» ብለው ይስቁበታል። ወላጆቹ ሐረሪ፣ ስልጤ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞ ወይም ወሎዬ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እሱ ግን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳው ሰው የለም። በትምህርት ቤት፣ በመስጊድ፣ በሐበሻው መካከልና በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኗል።

ይህ ልጅ ማታ ሲመጣ «ዛሬ ተሸማቅቄ ዋልኩ» አይልም። የሚለው «ሆዴን አመመኝ»፣ «ራሴን ያመኛል»፣ «አልራበኝም» ነው። በሩን ዘግቶ ስልኩ ላይ ይቀመጣል። እናቱም «ይህ ስልክ አበላሸብኝ» ትላለች። ስልኩ ጥፋት የለበትም ባንልም፣ ብዙ ጊዜ ልጁ ስልክ ውስጥ የሚፈልገው በሌላ ቦታ ያጣውን የኔ የሚለውን ወገን ነው።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ሰው ስለ ወገኑ ያለው አመለካከት ስለ ራሱ ያለውን ስሜት እንደሚነካ ከሚያሳዩ የቆዩ ሙከራዎች አንዱ የኬኔትና የማሚ ክላርክ ነው። እነዚህ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለትንንሽ ጥቁር ልጆች በቀለም ብቻ የሚለያዩ ነጭና ጥቁር አሻንጉሊቶች እያሳዩ «የትኛው ጥሩ ነው? የትኛው መጥፎ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከልጆቹ የሚበዙት ጥሩ ያሉት ነጩን ነበር። ከዚያ «አንተን የሚመስለው የቱ ነው?» ሲባሉ ያዘኑ፣ ያለቀሱም ነበሩ። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶችን በዘር መከፋፈልን ሲሽር ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ የካሊፎርኒያዋ ተመራማሪ ጂን ፊኒ የአናሳ ወገን ወጣቶች ማንነታቸውን የሚያውቁበትን መንገድ በሦስት ደረጃ ከፍላ አሳየች። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁ ስለ ወገኑ አስቦ አያውቅም፤ ሰው ያለውን ይቀበላል። በሁለተኛው ይጠይቃል፣ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ይቆጣል። በሦስተኛው ማንነቱን አውቆ ይረጋጋል፤ ሳያፍርበትም ሳይኮራበት ከልኩ ሳያልፍም ይኖራል። በሁለተኛው ደረጃ ያለ ልጅ ወላጅን ያስቸግራል። «ለምን ሐበሻ ሆንን? ለምን እንደ ሌላው ሰው አንሆንም?» ይላል። ይህ ዓመፅ ሳይሆን ፍለጋ መሆኑን ማወቅ ትልቅ እረፍት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ስሚዝና ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በሰሜን አሜሪካ በሚኖሩ ነጭ ባልሆኑ ወገኖች ላይ የተሠሩ 184 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። ያገኙት ውጤት ማንነቱን ያወቀና የወደደ ሰው የተሻለ የስሜት ጤና እንዳለው ነው። ግንኙነቱ ግን መጠነኛ ነው። ይበልጥ የታየውም በወጣቶች ላይ ሲሆን፣ ጭንቀትንና ድብርትን ከመቀነስ ይልቅ በራስ መተማመንንና ደስታን በመጨመር በኩል ጎልቶ ታይቷል። በዚህ ዓምድ ቋንቋ ብንናገር ማንነትን ማወቅ ለልጅ እንደ ዕለት ምግብ ነው፤ የታመመን የሚያድን መድኃኒት ግን አይደለም። ምግብ ያጣ ሰውነት ለበሽታ እንደሚጋለጥ ሁሉ፣ ይህን ያጣ ልጅም ለስድብና ለመገለል በቀላሉ ይጋለጣል።

ይበልጥ የሚያስደነግጥም፣ ተስፋ የሚሰጥም ጥናት ከካናዳ ተገኝቷል። ቻንድለርና ላሎንድ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር በሚገኙ ወደ 200 የሚጠጉ የአገሬው ነባር ሕዝብ ማኅበረሰቦች ውስጥ የወጣቶችን ራስን ማጥፋት ለአምስት ዓመት ያህል መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱን አወጡ። በአንዳንዶቹ ማኅበረሰቦች ቁጥሩ እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ግን በእነዚያ ዓመታት አንድም ወጣት በዚህ መንገድ አልሞተም። ልዩነቱን ሲመረምሩ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውን፣ የባህል ቤታቸውንና ሌላውን ጉዳያቸውን ራሳቸው የያዙት ማኅበረሰቦች ወጣቶቻቸውን እንደጠበቁ ተረዱ። ይህ ብቻውን መንስኤውን ባያረጋግጥም፣ ልጁ ከትናንት የመጣና ወደ ነገ የሚሄድ ወገን እንዳለው ሲያይ ለራሱም ነገ እንዳለው ይታየዋል የሚለውን ሐሳብ ያጠናክራል።

ቤት ውስጥ የሚጎዱ ሦስት ልማዶች

አንደኛው ዝምታ ነው። ብዙ ወላጆች በሱዳን በረሃ አቋርጠው፣ በስደተኛ ካምፕ ቆይተው፣ በብዙ መከራ አሜሪካ ገብተዋል። ያለፈውን ማንሳት ቁስል መንካት ስለሚሆንባቸው «ልጆቼ ይህን አይስሙ» ብለው ዝም ይላሉ። ዓላማው ቅን ነው። ነገር ግን ልጁ ዝምታውን በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል፤ «የሚያሳፍር ነገር ቢኖር ነው የማይነግሩኝ» ብሎ ይደመድማል። ሁሉን መንገር ባያስፈልግም፣ ለዕድሜው በሚመጥን መልኩ አባቱ እንዴት እንደመጣና ማን እንደረዳው ማወቁ ግን ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ማሸማቀቅ ነው። ልጅቷ እንደምንም ብላ በአማርኛ ወይም በቤተሰቧ ቋንቋ ስትናገር ትልልቆቹ ይስቃሉ፤ ያለችውን ቃል እየደጋገሙ ለእንግዳ ያስተዛዝባሉ። ቀልድ ነው የሚመስለን። እሷ ግን በሚቀጥለው ጊዜ በእንግሊዝኛ መመለስን ትመርጣለች፤ ከዚያም «ቋንቋውን ጠላች» ይባላል። የጠላችው መሳቂያ መሆንን እንጂ ቋንቋውን አይደለም።

ሦስተኛው ጥላቻን ማውረስ ነው። ይህ በተለይ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ጊዜም ሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ በነበሩት ግጭቶች፣ በብዙ ቤት ማዕድ ላይ ሌላውን ብሔር የሚያንቋሽሽ ንግግር ተሰምቷል። የኒውዮርኳ ተመራማሪ ዳያን ሂዩዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት የጥናቶች ዳሰሳ፣ ወላጆች ስለ ወገናቸው ለልጆች የሚያስተላልፉትን መልእክት ለያይተው አይተዋል። የራስን ባህልና ታሪክ በፍቅር ማስተማር ከልጆች በራስ መተማመን ጋር ሲያያዝ፣ «ሌላውን አትመን» የሚለው ትምህርት ግን ከጉዳት ጋር ነው የተያያዘው። ሌላውን በመጥላት የተገነባ ማንነት ልጁን አያሳርፈውም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን ሁሉ እንዲፈራ ያደርገዋል።

በእምነታችንም ነገሩ ግልጽ ነው። ሰዎች በነገድና በጎሳ መለያየታቸው እንዲተዋወቁ መሆኑ፣ ብልጫውም በተቅዋ እንጂ በዘር አለመሆኑ በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ላይ ሰፍሯል። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ዘር በነቀፈ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ የጃሂሊያ ጠባይ መሆኑን ነግረው እንደገሠጹት በሐዲስ ተዘግቧል። እንግዲህ ወገንን ማወቅ የተፈቀደና የሚጠቅም ነገር ነው፤ በወገን ሌላውን መናቅ ግን የተከለከለ ነው። ለልጆቻችን ሁለቱን ለይተን ማስተማር ይገባናል።

ምን እናድርግ?

1. የቤተሰብን ታሪክ እንንገር። በአትላንታ ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ ለልጆች 20 ቀላል ጥያቄዎች አዘጋጁ። አያቶችህ የት አደጉ? እናትና አባትህ እንዴት ተገናኙ? ስምህ እንዴት ወጣልህ? የሚሉ ዓይነት ናቸው። ብዙ መልስ የሚያውቁት ልጆች የተሻለ በራስ መተማመን ያላቸውና ችግርን የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የሚጠቅመው መልሱን መሸምደድ አይደለም፤ ቤተሰቡ አብሮ ተቀምጦ ማውጋቱ ነው። የምትነግሩትም ታሪክ ድሉን ብቻ አይሁን። አያት ከብቶቻቸው አልቀው እንደገና የተነሱበት፣ አባት ሥራ አጥቶ ወንድሙ ያስጠጋበት ታሪክ ልጁን «እኛ ወድቀን የምንነሳ ሰዎች ነን» ያሰኘዋል።

2. አብረን እንብላ። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በ4,746 ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ከቤተሰብ ጋር አዘውትረው የሚመገቡ ወጣቶች የድብርት ምልክት፣ ሲጋራና አደንዛዥ ዕፅ ያነሰባቸው መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱም ወላጅ በፈረቃ በሚሠራበት አገር ይህ ቀላል አይደለም። በየቀኑ ባይቻል በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ስልክ ሳይቀርብ ከአንድ ትሪ መብላት ይቻላል። የቤተሰባችሁን ምግብ ታሪኩን እየነገራችሁ አቅርቡ፤ የሐረሪ ሑልባት ማራቅ ይሁን፣ ቆጮ ወይም የወሎ ምስር ወጥ በጤፍ እንጀራ። ልጁን በላዩ ላይ አታስጨንቁት፤ ሽንኩርት እንዲከትፍ፣ ሊጥ እንዲያቦካ አድርጉት። በእጁ የሠራውን ምግብ ትምህርት ቤት ይዞ ለመሄድ አያፍርም። ለምሳ ዕቃ ሳምቡሳ ወይም በእንጀራ የተጠቀለለ ምስር ምቹ ነው፤ ሽታውም አይበዛም።

እዚህ ላይ አንድ የሕክምና ማስታወሻ እናክል። ድካምና ድብርት የሚመስል ሁኔታ ከደም ማነስም ሊመጣ ይችላል፤ በተለይ የወር አበባ በጀመሩ ልጃገረዶች ላይ የብረት ማዕድን እጥረት የተለመደ ነው። ቆዳችን ጠይም በመሆኑና የምንኖርበት አገር ክረምቱ ረዥም በመሆኑ፣ በተለይ ተሸፋፍነው ለሚወጡ ልጃገረዶች የቫይታሚን ዲ እጥረትም ያጋጥማል። ሁለቱም በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃሉ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ሥጋና ቅጠላ ቅጠል ብረት ይሰጣሉ፤ ምስሩን ከቲማቲም ወይም ከሎሚ ጋር መብላት ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዲወስድ ይረዳል። ሻይ ግን ከምግቡ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠጣ።

3. ቋንቋውን በፍቅር እናስተምር። ልጁ በተሰባበረ አማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በጌይ ሲናን ወይም በስልጢኛ ሲናገር አትሳቁ። አንድ ቃል ከሳተ እናንተ ቃሉን በትክክል ደግማችሁ ወሬውን ቀጥሉ። ለአያቱ በየጁምዓው ስልክ እንዲደውል አድርጉ። ለአያቱ ሲል የሚማረው ቋንቋ ለፈተና ከሚማረው በተሻለ ልቡ ውስጥ ይቀራል።

4. ስሙን እናስከብርለት። ሙሐመድ፣ ሐያት ወይም ዘይነባ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸውና ለምን እንደመረጠው ንገሯቸው። ትምህርት ቤት ስትሄዱ መምህሩ ስሙን በትክክል እንዲጠራ በትሕትና ጠይቁ። አጥሮ መጠራትን ራሱ ከወደደው ግን አትጣሉት።

5. ስድብ ሊያጋጥመው እንደሚችል አስቀድመን እንንገረው። ለሴት ልጅ ሒጃቧን ሊነኩባት፣ ወንዱን «አሸባሪ» ሊሉት ይችላሉ። «እንዲህ ሲሉህ ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ አንተ ላይ የተገኘ ጉድለት አይደለም። አትማታ፤ ለመምህር ተናገር፤ ቤት መጥተህም ንገረን» ብሎ ማስተማር ያስፈልጋል። ሲነግራችሁም «ቻለው» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ማነጋገራችሁ ለልጁ ትልቅ ትርጉም አለው።

6. ሁለቱንም እንዲሆን እንፍቀድለት። ጆን ቤሪ፣ ጂን ፊኒና ባልደረቦቻቸው በ13 አገሮች የሚኖሩ ከ5,000 በላይ የስደተኛ ቤተሰብ ወጣቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ውጤት፣ ከሁሉም ደህና የሆኑት የወላጆቻቸውን ባህልም የሚኖሩበትን አገር ባህልም አጣምረው የያዙት ናቸው። የከፋው ሁኔታ የታየው ከሁለቱም ሳይሆኑ በቀሩት ላይ ነው። እንግዲህ ልጃችን ቅርጫት ኳስ መውደዱ፣ በእንግሊዝኛ ማለሙ የወላጆቹን ወገን አያሳጣውም። ምረጥ ብለን አናስጨንቀው፤ ሃይማኖቱን የማይነካውን ነገር ሁሉ እናስፋለት።

7. መስጊዳችን ለወጣቶች ቦታ ይስጥ። በአማርኛ ወይም በአረብኛ ብቻ የሚሰጥ ኹጥባ ለማይገባው ልጅ መስጊዱ የአባቱ እንጂ የእሱ አይሆንም። በሚገባው ቋንቋ ትምህርት ይዘጋጅለት፤ ኃላፊነትም ይሰጠው። የቢላል ኢብኑ ረባሕን (ረ.ዐ.) ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ያደረጉትን ስደትና የነጃሺን ፍትሕ በደንብ ይማር። «ትናንት የሰለማችሁ» ለሚለው እኩያው፣ የሐበሻ ምድር ሶሓቦችን ያስጠለለችው ሂጅራ ወደ መዲና ከመደረጉ በፊት መሆኑን በእርጋታ መናገር የሚችል ልጅ አንገቱን አይደፋም።

እነዚህ ምክሮች በትምህርት ቤትም ተሞክረዋል። አድሪያና ኡማንያ-ቴይለር የተባለች ተመራማሪ በአሪዞና ክፍለ ሀገር ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ቤተሰባቸውና ስለ ወገናቸው ታሪክ እንዲመረምሩ የሚያደርግ የስምንት ሳምንት ትምህርት ሰጠች። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደታተመው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ማንነታቸውን በደንብ ያወቁት ተማሪዎች በራስ መተማመናቸው ጨምሮ፣ የድብርት ምልክታቸው ቀንሶ፣ ውጤታቸውም ተሻሽሎ ተገኘ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይህን ያህል ከለወጠ፣ የእሑድ መድረሳችንም ይህን ማድረግ አያቅተውም።

አገር ቤት ላላችሁ

አናሳ መሆን ውጭ አገር በመኖር ብቻ አይመጣም። አዲስ አበባ ውስጥ የሚያድግ የአርጎባ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ስለ ወገኑ የሰማ ሰው ላያገኝ ይችላል። ከአርጎባ ብዙዎቹ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆኑ አያቶቹ የተናገሩትን ቋንቋ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ብዙ ነው። ሐረሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው ቆጠራ በገዛ ክልላቸው ከነዋሪው ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ሆኖም የሐረሪ ቤተሰቦች በአፎቻቸው፣ በቋንቋቸውና በሹዋሊድ በዓላቸው ልጆቻቸውን ሰብስበው ይዘዋል። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሹዋሊድ ደግሞ በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል። ቁጥር ማነስ ብቻውን ልጅን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ትንሽ በመሆኑ የሚያፍር ቤት ነው። እናንተም ክረምት ሲመጣ ልጆቻችሁን አያቶቻቸው ወዳሉበት ላኩ፤ ስለ ጎረቤቱ ወገንም በክብር ንገሯቸው።

መቼ ወደ ሐኪም እንሂድ?

ከላይ እንዳልነው ማንነትን ማወቅ ምግብ ነው፤ የታመመ ልጅ ግን ሕክምና ያስፈልገዋል። የሚከተሉት ምልክቶች ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሩ፦

– ቀድሞ ይወደው የነበረውን ነገር ሁሉ መተው፣ ከጓደኛም ከቤተሰብም መሸሽ፤
– የእንቅልፍ መጥፋት ወይም ቀኑን ሙሉ መተኛት፤
– የምግብ ፍላጎት መዘጋት፣ ክብደት በድንገት መቀነስ ወይም መጨመር፤
– ምርመራ ምንም ሳያገኝበት የሚደጋገም የራስ ምታትና የሆድ ሕመም፤
– ያለ ምክንያት መቆጣት፣ የትምህርት ውጤት በአንዴ መውደቅ።

«ብሞት ይሻለኛል»፣ «ባልኖር ማንም አይጎዳም» የሚል ቃል ከተሰማ ወይም ልጁ ራሱን ሲጎዳ ከታየ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን እርዳታ ይፈለግ። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ እንዲያውም የሚሰማው ሰው ማግኘቱ ያቀልለታል። መድኃኒትና ስለታም ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ ብቻውንም አትተዉት። አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ 988 በመደወል በማንኛውም ሰዓት እርዳታ ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በሌሎች ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል መታየት ትችላላችሁ።

አንዳንድ ቤተሰብ «ሰው ምን ይላል?» ብሎ ይደብቃል፤ ሌላው ደግሞ ነገሩን ሁሉ ጂን ነው ብሎ ሐኪም ቤት ሳይሄድ ወራት ያልፋሉ። ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ ከሕክምና ጋር አይጣሉም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን ያዘዙን መሆኑን እናስታውስ።

ውድ ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ። አንድ ማታ ከእራት በኋላ ልጃችሁን ስሙን ማን እንዳወጣለት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። ካላወቀ ንገሩት። ካወቀም እሱ ይንገራችሁ፤ እናንተም እስኪጨርስ ስሙት። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ ለዓይናችን ማረፊያ ያድርጋቸው። አሚን።